ሊቀመንበሩ የሚባለው ቁልፍ

ብዙ ሰው ሲያየኝ ዝምተኛ ሆኜ የተፈጠርኩ ይመስለዋል። ልጆቼም እንደዚያ ነው የሚያስቡት። እውነቱን ልንገራችሁ፤ በወጣትነቴ አፌ የማያርፍ፣ ሰርግ ቤት ብገባ ሙሽራዋን የማስረሳ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሰው አስቄ እናቴን የማሳፍር ሴት ነበርኩ። ዝም ያልኩት በአንድ ዓርብና በአንድ ቅዳሜ ምክንያት ነው። እነዚያን ሁለት ቀኖች ነው ዛሬ የማጫውታችሁ፣ ጨዋታ ከተባለ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ በየቀበሌው ሰው የሚታፈስበት፣ ጠዋት በየመንገዱ ዳር አስከሬን የሚታይበት ጊዜ። ሰፈራችን ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው በኩል ነበር። የዛሬውን ቦሌ አታስቡ። ከመንገዱ ዳር የሀብታም ቪላ ተደርድሯል፤ ከቪላው ጀርባ የእኛ ዓይነቱ የጭቃ ቤት ይመጣል፤ ከዚያ ወዲያ ገብስ ነው። ገርጂ ሲባል ገጠር ማለት ነበር። አባታችን የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊ ነበር። ሲሞት መርፌውም፣ ምላጩም፣ ማስቲሹም ለእኔ ቀረ። ሴት ልጅ የቮልስ ወንበር ስትሰፋ ያየ ሹፌር ሁሉ መጀመሪያ ይስቅብኛል፤ በኋላ ግን ጓደኛውን ይዞ ይመጣል። በዚያ ሥራ ነበር እናቴንና ታናሽ ወንድሜን ይዤ የምኖረው።

ወንድሜ መስፍን ይባላል። የቀበሌያችን ኪነት ቡድን ሳክስፎን ተጫዋች ነበር። ስሙ መስፍን በመሆኑ ብቻ ጓደኞቹ “ፊውዳሉ” ይሉታል፤ እሱም “መሬቴን ወርሳችሁ የለ? ስሜን እንኳ ተዉልኝ” ይላቸዋል። የቤታችን ሰው ሁሉ ቀልደኛ ነበር፤ መስፍን ግን ከሁላችንም የባሰ ነው። ጉንጩን ነፍቶ ሲጫወት እንኳ ዓይኑ ይስቃል።

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ባለቤቶቹ ጥለውት የሄዱት የተወረሰ ቪላ ነበር። ሳሎኑ የስብሰባ አዳራሽና የኪነት መለማመጃ ሆነ። ጋራዡ እስር ቤት ሆነ። ሳክስፎኑም የተገኘው እዚያው ቤት ውስጥ፣ አንድ ቁም ሳጥን ላይ ነው፤ እንደ ቤቱ የተወረሰ ዕቃ ነው ማለት ይቻላል። ድምፁ ጥሩ ነበር፤ ችግሩ ቁልፎቹ ናቸው። ሳክስፎን ጣት ሲጫናቸው ቀዳዳ የሚከፍቱና የሚዘጉ ብዙ የብረት ክዳኖች አሉት፤ ተጫዋቾቹ ቁልፍ ይሏቸዋል። ብረት ከብረት እንዳይጋጭ ከእያንዳንዳቸው ስር ቁራጭ ቡሽ ይለጠፋል። የዚህኛው ቡሽ በዕድሜ ደርቆ ረግፎ አልቋል። ስለዚህ መስፍን አንድ ዜማ ሲጫወት ሁለት ነገር ነበር የሚሰማው፤ ዜማውና የቁልፎቹ ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

ሰልፍ ላይ ሲሆን ከበሮው ይሸፍንለታል። የሰማዕታት መታሰቢያ የሚሉት ዜማ ግን ቀስ ያለ ነው፤ ሳክስፎኑ ብቻውን ነው የሚጫወተው። በልምምድ ቀን መስፍን ያንን ዜማ ሲጀምር ቁልፎቹ ተንጫጩ፤ ከኋላ አንዱ ሳቁን ለቀቀው፤ ሳቁም ተዛመተ። ሊቀመንበሩ ከቢሮው ወጣ።

“ይሄ የሰማዕታት መታሰቢያ ነው ወይስ የፈረስ ጋሪ?” አለ። “ቅዳሜ ከከፍተኛ ቀበሌው እንግዶች ይመጣሉ። ያን ቀን አንዲት ቋ ብሰማ ተጠያቂው አንተ ነህ።”

በዚያን ጊዜ “ተጠያቂ” ቀላል ቃል አልነበረም። መስፍን ሳክስፎኑን አስፈቅዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ቤት ይዞት መጣና ወንበሬ ላይ አስቀመጠው።

“አንቺ የመኪና ወንበር አይደል እንዳይንጫጫ የምታደርጊው? ይሄንንም እንደ አንድ መኪና ቁጠሪውና ገላግዪኝ” አለኝ።

ሥራውን ወደድኩት። ከአንድ ሆቴል አሳላፊ የወይን ጠርሙስ ቡሽ ለምኜ አመጣሁ። በምላጭ እንደ ወረቀት እየላግሁ ከየቁልፉ ስር በማስቲሽ ለጠፍኩ። የአባቴን የሱፍ ባርኔጣ ቆራርጬ ሰፋ ሰፋ ካሉት ክዳኖች ስር አደረግሁ። ዘንጎቹ ስለላሉ የስፌት መኪና ዘይት ብቀባቸው ቀጠነባቸው፤ ወፈር ያለ የሞተር ዘይት ሳደርግላቸው ረጋ አሉ። መጀመሪያ ላይ ቡሹን አወፍሬው ነበር። መስፍን ነፋ አደረገና “ድምፁ ታፈነ፤ ክዳኑ በደንብ አልተከፈተም” አለኝ። ለካ ዝም ማሰኘትም ልክ አለው፤ ከበዛ ዜማውን ይገድለዋል። አንዱን ላግሁ፣ ሌላውን ጨመርኩ፤ እሱ ይነፋል፣ እኔ ጆሮዬን አስጠግቼ አዳምጣለሁ።

ለቁልፎቹ ስም ያወጣላቸው መስፍን ነው። ሳይነኩት የሚንቀጠቀጠውን “ካድሬው” አለው። ሁልጊዜ ሌላውን ተከትሎ የሚዘጋውን “ፀሐፊው” አለው። ከሁሉም በታች ያለውን፣ በትንሿ ጣት የሚዘጋውን ትልቁን ክዳን ደግሞ “ሊቀመንበሩ” አለው። ለምን እንደሆነ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ሊቀመንበራችን ሲናገር የመስኮቱ መስታወት ይርገበገብ ነበር። እናቴ ይህን ስትሰማ “ተዉ ልጆቼ፣ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው” አለችን። እኛም በእሷ ላይ ሳቅን።

ሐሙስ ማታ ሁሉም ቁልፎች ዝም አሉ፤ የቀረው ሊቀመንበሩ ብቻ ነው። ቡሽ አልቆብኝ ነበር።

ዓርብ ጠዋት የቀበሌው ህብረት ሱቅ ስኳር መጣ ተባለ። ሰልፉ እስከ መታጠፊያው ድረስ ሄዷል፤ የተሰለፈውም በሙሉ ሴት ነው። እኔ ቀደም ብዬ ስለመጣሁ መስኮቱ አጠገብ ደርሻለሁ። ሰልፉን የሚያስተባብረው ደጀኔ የሚባል የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ነበር፤ ጎረቤታችን ነው፣ እናቱም የእናቴ ዕድርተኛ ናት። ክላሹን አንግቶ ዳር ላይ ቆሟል። መስፍን ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ዳቦ ይዞ እየሮጠ ሲያልፍ አየኝ። ቡሽ ማግኘቱን ሊነግረኝ ኪሱን መታ መታ አደረገና ከሴቶቹ ራስ በላይ እየሳቀ ጮኸ።

“ካድሬውንም ፀሐፊውንም ዝም አሰኝተሻቸዋል፤ እጅሽ ይባረክ! የቀረው ሊቀመንበሩ ብቻ ነው። ዛሬውኑ ከስሩ ሽጉጥ አድርጊና ጨርሺው፤ ነገ እንግዶቹ ፊት አፉን እንዳይከፍት! ሰማሽ?”

ይህን ብሎ ሮጦ ሄደ። እኔ ስቄ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ ሚዛኑ ላይ ነበር ዓይኔ። ሰልፉ ዝም ማለቱን ያወቅሁት ስኳሩ ከረጢት ውስጥ ሲፈስ በመሰማቱ ነው። ዞር ስል ሴቶቹ ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። ደጀኔ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ ለብሷል። ያኔ ነው የሰማነውን እንደገና የሰማሁት።

ቡሹን ሽጉጥ ማድረግ ማለት ከቁልፉ ስር መወሸቅ ማለት ነው፤ አማርኛችን ነው፣ በየቀኑ የምንለው ነው። “ቡሿን” የምትል አንዲት ቃል ቢጨምር ኖሮ ማንም ዞር ብሎ ባላየው ነበር። ግን በዚያ ሰሞን በከተማው የቀበሌ ሊቀመንበሮች በየመንገዱ በጥይት ይመቱ ነበር። ሽጉጥ የሚለውን ሰምቶ ቡሽ የሚያስብ ጆሮ አልነበረም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ቃሉ ወጥቷል።

ቤት ስደርስ መስፍን ቡሹንና ሳክስፎኑን ጠረጴዛው ላይ ትቶልኝ ወደ ቡድኑ ልምምድ ሄዷል። ልከተለው ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ከሄድኩ ነገር አጠናክራለሁ ብዬ ፈራሁ፤ ምናልባት ማንም ልብ አላለም ብዬም ራሴን አታለልኩ። ተቀምጬ ሊቀመንበሩን ሠራሁት። ከሁሉም አሳምሬ ነው የሠራሁት፤ ቡሹ ልክ ቦታው ላይ ገባ፣ ክዳኑ ሲዘጋ የትንፋሽ ያህል እንኳ አልተሰማም። ቀትር ላይ እናቴ ከደጅ ገባች። ነጠላዋ ከአንድ ወገን ይጎተታል።

“መስፍንን ከልምምድ መሀል አውጥተው ጋራዡ ውስጥ አስገቡት” አለችኝ። “አናርኪስት ነው ይላሉ። ሊቀመንበሩን በሽጉጥ ሊያስገድል ነበር ይላሉ። ልጄን ምን አገኘብኝ?”

ነገሩን ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ ሁለት እጄን ያዘችኝ።

“የተናገረው ለማን ነው ብለው ሴትየዋን እየፈለጉ ነው። ደጀኔ አላየሁም ብሏል። አንቺ እዚያ አልነበርሽም፤ ሰምተሻል? አትሄጂም።”

“እማዬ፣ እኔ ካልተናገርኩ ማን ይናገርለታል? ሳክስፎኑን ባሳያቸው ይገባቸዋል።”

“አንዱን ወስደውብኛል። ሁለተኛዋ በእግሯ ሄዳ አትገባላቸውም።”

ያን ቀን አልሄድኩም። እናቴ ከበሩ ፊት ተቀምጣ አደረች። ቅዳሜ ጠዋት ለመስፍን ስንቅ ልታደርስ ስትወጣ ሳክስፎኑን ጠቅልዬ፣ የአባቴን ምላጭ በኪሴ ይዤ በሌላ መንገድ ሄድኩ። ልነግራችሁ የምችለው አንድ ነገር ቢኖር፣ አልፈራሁም ነበር። እውነቱ ከእኔ ጋር ነው፤ እሱም በእጅ የሚነካ፣ በጆሮ የሚሰማ እውነት ነው ብዬ አምን ነበር። እንደዚያ ቀን ጠዋት በነገር እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም።

የቪላው በር ላይ የቆመው ደጀኔ ነበር። ሲያየኝ ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“ምን ልትሠሪ መጣሽ? ሰልፉ ላይ መኖርሽን አልተናገርኩም። ተመለሺ ጽጌ።”

“ደጀኔ፣ ስለ ሳክስፎኑ ነው እኮ የተናገረው። ሙት፣ ስለ ቁልፉ ነው።”

“እኔ የሰማሁትን ነው የተናገርኩት። እኔ ባልናገር ከዚያ ሁሉ ሴት አንዷ ትናገርና ‘ደጀኔም ሰምቶ ደበቀ’ ትላለች። እኔም እናት አለችኝ።”

“አስገባኝ።”

ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ግን አስገባኝ፣ ተከትሎኝም ገባ።

የሊቀመንበሩ ቢሮ ድሮ የሕፃን መኝታ ክፍል ነበር። ግድግዳው ላይ የተሳሉት ቢጫ ዳክዬዎች ገና አልጠፉም፤ ከራሱ በላይ በሰልፍ ይሄዳሉ። ሰውየው የሠላሳ ዓመት ወጣት ነው፤ ሲናገር ካልሆነ በስተቀር ክፉ አይመስልም። ሳክስፎኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

“ጓድ ሊቀመንበር፣ መስፍን የተናገረው ስለ እርስዎ አይደለም። የተናገረው ለእኔ ነው፤ ስለዚህ ሳክስፎን ነው።”

“ስለ ሳክስፎን?”

“ስለ ቁልፉ። የሚጮኹትን ቁልፎች ዝም እንዳሰኝለት ነግሮኝ ነበር። እርስዎ ባዘዙት መሠረት ነው። ከስሩ ቡሽ ሽጉጥ አድርጊ ለማለት ነው። እኔ እኅቱ ነኝ፣ ወንበር ሰፊ ነኝ።”

“ሊቀመንበር የሚባል ቁልፍ አለው?”

እዚህ ጋ እንደምደርስ ሌሊቱን ሙሉ አስቤበት ነበር፤ መልስ ግን አላገኘሁለትም።

“ስም አውጥተንለት ነው። ትልቁ እሱ ስለሆነ።”

“ትልቁ ስለሆነ” አለ። “እና ስለሚጮህ።”

ሳይቆጣ ነው ያለው።

“እስቲ ይጩህልኝ።”

ጣቴን አስቀምጬ ተጫንኩት። ክዳኑ ወረደ፤ ምንም ድምፅ የለም። ደግሜ ተጫንኩት። ያው ነው። በሕይወቴ ሥራዬን አሳምሬ በመሥራቴ የተጸጸትኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

“አይጮህም” አለኝ።

“ሠርቼው ነው። ትናንት ጨረስኩት።”

“ጨረስሽው።”

“አሳይዎታለሁ፤ አሁን አወጣዋለሁ” ብዬ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ደጀኔ ክላሹን ከትከሻው አወረደ። “ምላጭ ነው!” ብዬ ጮህኩ፤ “የቡሽ መላጊያ ነው!” ሊቀመንበሩ ደጀኔን በእጁ አስቆመው። ምላጩን ቀስ ብዬ አውጥቼ ቡሹን ከስሩ ፈልቅቄ አወጣሁት፤ ማስቲሹ ስለደረቀ ፍርፍር ብሎ ወጣ። ከዚያ ተጫንኩት።

ቋ!

ክፍሉ ባዶ ስለሆነ በኃይል እንደተዘጋ በር ነበር የጮኸው። ደጀኔ ሳያስበው ፈገግ አለና ወዲያው ዋጠው። ሊቀመንበሩ ሳክስፎኑን ወደ ራሱ ሳበና በራሱ ጣት ተጫነው። ቋ። እንደገና፤ ቋ። እንደ ልጅ ተጫወተበት። ከዚያ አንገቱን ነቀነቀና ሳቀ። እኔም አብሬው ስስቅ ታወቀኝ። አመነኝ፣ አበቃ፣ ወንድሜን ይዤ ልሄድ ነው ብዬ ነበር።

“ወንድምሽ ግን እንዲህ አላለንም” አለ።

“ምን አለ?”

“የድራማ ቃል ነው አለ። ቡድኑ ለሚያዘጋጀው ድራማ ቃል እያጠናሁ ነበር፣ ለማንም አልተናገርኩም አለ። ጠየቅን፤ ድራማ የሚባል ነገር የለም። ንጹህ ሰው ለምን ይዋሻል?”

መስፍን እኔን ላለመጥራት፣ ለቁልፉ ያን ስም ማውጣቱንም ላለመናገር ብሎ ሌላ ታሪክ ፈጥሯል። እኔ ደግሞ እውነቱን ይዤ ገብቼ ውሸቱን አጋለጥኩበት።

“እኔን ለማዳን ብሎ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።”

“ከማን?”

ከእርስዎ ልበል? ዳክዬዎቹን አየሁ።

“ከሰዓት ይጫወታል” አለኝ፤ “ከእሱ ሌላ ተጫዋች የለንም። አሁን ያበላሸሽውን አስተካክዪ። ከዚያ እናያለን።”

“እናያለን” ያለኝን ቃል ይዤ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። ቡሹ ተሰባብሯል፤ ሌላ የለኝም። ያንን ቁልፍ እንዲህ ብተወው፣ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ቋ ብሎ ወንድሜን ሊያስገድለው ነው ብዬ አሰብኩ። ጫማዬን አውልቄ የጫማዬን ምላስ ቆረጥኩ፤ ለስላሳ ቆዳ ነው። ላግሁት፣ አጠፍኩት፣ ማስቲሽ ስለሌለኝ በክር አሰርኩት። ደጀኔ ውሃ አመጣልኝ። ተጫንኩት፤ ዝም አለ። ደግሜ ደጋግሜ ተጫንኩት። ዝም አለ።

ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ ሞላ። እንግዶቹ ከፊት ተቀመጡ። እናቴ ሰምታ መጥታ ከኋላ ቆማለች፤ አየችኝ፣ አልተቆጣችም፤ በዓይኗ ብቻ ጠየቀችኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁላት፤ ይወጣል ማለቴ ነው። መስፍንን በጓሮ በር አስገቡት። ፊቱን አጥበውታል፣ የቡድኑን ቀይ ሸሚዝ አልብሰውታል። የታችኛው ከንፈሩ ግን አብጦ ተሰንጥቋል። በከንፈር ለሚነፋ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ገምቱት። ሳክስፎኑን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ የጠገነችው እሷ ናት ብለው ፈቀዱልኝ። ሲቀበለኝ ጎንበስ አለ።

“ምን ልትሠሪ መጣሽ?” አለኝ በሹክሹክታ። ቀጥሎም “ሊቀመንበሩስ?” አለኝ።

“ዝም ብሏል” አልኩት።

ሁለታችንም ሳቃችን መጣ። እዚያ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል፣ ከንፈሩ ደም እየቋጠረ፣ ወንድሜ ሊስቅ ነበር። እኔም ሊያመልጠኝ ነበር። ሳቃችንን ውጠን ተለያየን፤ ሄጄ እናቴ አጠገብ ቆምኩ።

ከዚያ ነፋ። ስለ ሙዚቃ ብዙ አላውቅም፤ የማውቀው ያን ዜማ ከዚያ በፊት ሰምቼው እንደማላውቅ ነው። በልምምድ ጊዜ ሁሉ ቁልፎቹ ሲንጫጩ ዜማው ተሸፍኖ ኖሯል። ጣቶቹ ይወርዳሉ ይነሳሉ፤ ከዜማው በቀር የሚሰማ የለም። አንዳንዴ ከንፈሩ ሲያመው ድምፁ ይሰበራል፤ ያም ራሱ የዜማው ይመስል ነበር። ከኋላ ያሉት እናቶች ማልቀስ ጀመሩ። የማን ልጅ በየትኛው ወገን እንደሞተ ማን ያውቃል? ሁሉም ያለቅሱ ነበር። መጨረሻው ላይ ያ ትልቁ ክዳን ይዘጋል። ዝም ብሎ ተዘጋ። ሊቀመንበሩ መሀረብ አውጥቶ ዓይኑን ሲጠርግ በገዛ ዓይኔ አየሁት።

እናቴ እጄን ጨበጠችኝ። “ልጄን ሊሰጡኝ ነው” አለች። እኔም “አዎ እማዬ” አልኳት። ከልቤ ነው ያልኳት።

ጭብጨባው ሲያበቃ ደጀኔ ሳክስፎኑን ከመስፍን ላይ ተቀበለና ለሌላ ሰው ሰጠው። ከዚያ ክንዱን ያዘው። በጓሮ በር ወጡ፤ ወደ ጋራዡ ነው። መስፍንን አልደነቀውም። ዞሮም አላየንም።

ሊቀመንበሩን ደረጃው ላይ ደረስኩበት። እንግዶቹን ሸኝቶ ብቻውን ቆሞ ነበር።

“ጓድ ሊቀመንበር፣ እናያለን ብለውኝ ነበር። አላመኑኝም?”

“አምኜሻለሁ” አለኝ። እንደ ሰው፣ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። “ገና ሳክስፎኑን ጠረጴዛዬ ላይ ስታስቀምጪው ነው ያመንኩሽ።”

“እንግዲያው ይልቀቁታላ!”

“ስንት ሰው ነው ሰልፉ ላይ የነበረው? ሁሉም ‘ሊቀመንበሩን በሽጉጥ ጨርሺው’ ሲል ሰምቷል። እንደታሰረም ሁሉም አውቋል። ሰኞ በሰፈሩ ሲዞር ቢያዩት ምን ይላሉ? ‘ግደሉት ያለውን ፈራው’ ይላሉ። በሳምንቱ የእውነቱ ሽጉጥ ይመጣል። ወይስ በየቤቱ እየዞርኩ ‘ሊቀመንበር የተባለው የሚጮህ ቁልፍ ነው’ ልበል? እውነት ነው ያመጣሽው። ሰልፉ የሰማው ግን እውነቱን አይደለም። ለከፍተኛው አስተላልፌዋለሁ፤ ከእጄ ወጥቷል። አንቺ እንደነበርሽበት ማንም አልሰማም። እናትሽን ይዘሽ ወደ ቤትሽ ሂጂ።”

እግሩ ላይ ወደቅሁ፤ አነሳኝ። ጮህኩ፤ ዘበኞቹ አስወጡኝ።

እሑድ ጠዋት ስንቅ ይዘን ስንሄድ ጋራዡ ክፍት ነበር፤ አንዱ ይጠርገዋል። እስረኞቹን ሌሊት በላንድሮቨር ወስደዋቸዋል አሉን። የት ብንል የሚያውቅ የለም። ከፍተኛው ሄድን፤ ሌላ እስር ቤት ላኩን። እዚያም ስሙን ፈልገው “የለም” አሉን። በመጨረሻ አንዱ ጠባቂ ሰሐኑን በእጁ ወደ እናቴ መልሶ ገፋና “ከእንግዲህ ስንቅ አያስፈልገውም” አላት። በዚያ ዘመን ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ እናት አልነበረችም። አስከሬኑን አላገኘንም። ለቅሶ መቀመጥም አልተፈቀደልንም።

እናቴ ለብዙ ጊዜ አልጠየቀችኝም። ባትሄጂ ኖሮ አላለችኝም፤ ክፉ ቃል አልወጣትም። አንድ ቀን ቁጭ ብላ ሳለ ግን “ሄደሽ ስትነግሪያቸው እንዴት አላመኑሽም?” አለችኝ።

“አምነውኛል እማዬ” አልኳት።

እስከዚያች ሰዓት ያልጮኸችው እናቴ ያኔ ነው የጮኸችው። አላመኑንም ብላ ተጽናንታ ነበር ለካ። ባታውቀው ይሻላት እንደነበር ዘግይቶ ገባኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ሰዎች ክሰሺ አሉኝ። ሊቀመንበሩ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ብዙም ሳይቆይ በሌሎች ተገድሏል፤ የእውነቱ ሽጉጥ አልቀረለትም። ደጀኔ ጦር ሜዳ ሄዶ አልተመለሰም፤ እናቱ እስክትሞት ድረስ ዕድር ላይ ጎን ለጎን እንቀመጥ ነበር፤ አንድም ቀን አላነሳነውም። የመኪና ወንበር መስፋቴን ቀጠልኩ፤ ሌላ ምን አውቃለሁ? ቀልድ ግን ከቤቴ ወጣ። ልጆቼ ሲሳሳቁ ዞር ብዬ በሩን አያለሁ፤ ማን እንደሰማ ለማየት ነው። በዚህ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ምናልባት “ከዚህ ምን ተማርሽ?” ትሉኝ ይሆናል። ያጽናናል የምለው ነገር ቢኖረኝ አልሰስትባችሁም ነበር። ያን ጠዋት ከቤት ስወጣ ችግሩ አለመግባባት ነው ብዬ ነበር፤ ነገሩን ካስረዳኋቸው ወንድሜ ይፈታል ብዬ ነበር። በሰዓታት ውስጥ የገባኝ ነገር ዕድሜዬን ሙሉ አልለቀቀኝም፤ ነገሩ ገብቷቸውም ሰው የሚገድሉ አሉ። እውነቱን በእጄ ይዤ ሄድኩ፤ እውነቱንም ተቀበሉኝ። ወንድሜን ግን አልሰጡኝም።